በቂዕ ነው ወይስ ሙዓላ? አንድን የቆየ የመቃብር ስፍራ ፎቶግራፍ ስለ መለየት

ጥያቄ፦ የደሴው አንባቢ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በሰፈራችን መስጂድ ለሐጅ ለሚዘጋጁ ሰዎች ስለ መካና ስለ መዲና ታሪካዊ ቦታዎች አጭር ማብራሪያ ይሰጣል። ለዚሁ ማብራሪያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የቆዩ ፎቶግራፎችን የማሰባሰቡን ሥራ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ከቴሌግራም የተገኘ ሲሆን፣ ከሥሩ «ጀነተል በቂዕ፣ መዲና፣ 1880» የሚል መግለጫ ሰፍሮበታል። ፎቶውን እዚህ ማያያዝ ስላልቻልኩ በተቻለኝ መጠን በጽሑፍ ልግለጸው።

ከመካከሉ ጥቂት ወረድ ብሎ ሁለት ትልልቅ ቁባዎች (ጉልላት ያላቸው የመቃብር ቤቶች) ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በዙሪያቸው ነጭ የተለሰነ አጥር አለ፤ ከእነርሱ ራቅ ብለው ደግሞ አነስ ያሉ ሌሎች ግንቦች ይታያሉ። ከአጥሩ በስተጀርባ ወዲያውኑ ድንጋያማ ኮረብታ ይነሣል፤ የኮረብታው ሥር እስከተወሰነ ከፍታ ድረስ በትንንሽ የመቃብር ድንጋዮች ተሞልቷል። ሰማዩ አንድም ደመና የሌለበት ነጭ ነው። በቀኝ በኩል ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ልብሱ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ፊቱ ግን ደብዝዟል። በግራ የታችኛው ጥግ ላይ ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ተፍቆ የወጣ የሚመስል ጠቆር ያለ ጭረት አለ።

ጥያቄዎቼ የሚከተሉት ናቸው። ስፍራው በእርግጥ በቂዕ ነውን? «1880» የተባለውስ ዘመን ይታመናል? ከዚህ በተጨማሪ፣ አንድ ሽማግሌ እነዚህ ጉልላቶች ከአባሲዶች ዘመን ጀምሮ ሳይነኩ የቆዩ ናቸው ብለው ነግረውኛልና፣ ይህ ትክክል መሆኑን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የሚያየው ነገር ስለሆነ ስሕተት ያለበት መግለጫ ከሥሩ መለጠፍ አልፈልግም።

መልስ፦ የድሮ ፎቶ ወዳጅ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ውድ ጠያቂ፣ ፎቶግራፉን በዚህ መጠን ዘርዝረህ መግለጽህ ሥራውን አቅልሎታል። እንደ እኔ አስተያየት የምትገልጸው ስፍራ በቂዕ አይደለም፤ በመካ የሚገኘው የሙዓላ መቃብር ነው። ይህን የምለው ከጉልላቶቹ ቅርጽ ተነሥቼ አይደለም። በሁለቱም ስፍራዎች የነበሩት ቁባዎች በአንድ ዘመንና በአንድ መንግሥት እጅ የታደሱ በመሆናቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው መሬቱ ነው።

በቂዕ የሚገኘው ከመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በስተምሥራቅ፣ ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ነው። ዛሬ ከመስጂዱ ግቢ ጋር ተያይዞ ቢታይም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመካከላቸው የመኖሪያ ሰፈርና የከተማው ቅጥር ነበሩ፤ ወደ መቃብሩ የሚወጣውም በዚያ በኩል ባለው የከተማ በር ነበር። ስለዚህ በቂዕን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያነሣ ሰው ከጉልላቶቹ ጀርባ የከተማውን ቅጥር፣ የመስጂዱን ሚናራዎችና ትልቁን ጉልላት ማግኘቱ የማይቀር ነው። (በነገራችን ላይ ይህ ጉልላት አረንጓዴ የተቀባው በ1837 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ግን ቀለሙ ስለማይታወቅ «አረንጓዴው ጉልላት አይታይም» ተብሎ የሚቀርበው መከራከሪያ አያስኬድም።) ወደ ሰሜን አዙሮ ካነሣ ደግሞ የኡሑድ ተራራ ከሩቅ፣ ከአድማሱ ጋር የተጋደመ ረጅም ሸንተረር ሆኖ ይታያል። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን ከመቃብሮቹ አጥር ወዲያውኑ የሚነሣ ኮረብታ በበቂዕ የለም።

ሙዓላ ግን ከመስጂደል ሐራም በስተሰሜን፣ ወደ ሐጁን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሁለት ድንጋያማ ኮረብታዎች መካከል ባለ ሸለቆ ውስጥ ነው። መቃብሮቹ ከሸለቆው ወለል ተነሥተው የኮረብታውን ሥር ይወጣሉ። አንተ «ኮረብታው እስከተወሰነ ከፍታ ድረስ በመቃብር ድንጋዮች ተሞልቷል» ያልከው ብቻውን ነገሩን ይጨርሰዋል። ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ትልልቅ ቁባዎችም የኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረ.ዐ) እና ለነቢዩ እናት ለአሚና የተሠራው መሆናቸው አይቀርም፤ የዘመኑ ሐጃጆች ሙዓላን ሲጎበኙ ሙጠዊፎቻቸው (የሐጅ አስጎብኚዎቻቸው) አስቀድመው የሚወስዷቸው ወደ እነዚህ ሁለቱ ነበር። ራቅ ብለው የሚታዩት አነስተኛ ግንቦች የዐብዱል ሙጠሊብና የአቡ ጣሊብ ናቸው ተብለው የሚጎበኙት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፎቶውን ሳላይ በዚህ ላይ አልከራከርም።

መግለጫው ለምን «በቂዕ» አለ ብትለኝ፣ ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። ጉልላቶቻቸው ከፈረሱ የመቃብር ስፍራዎች መካከል በዓለም ላይ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው በቂዕ ነው፤ በየዓመቱ በሸዋል 8 ቀን የበቂዕን መፍረስ የሚያስቡ ሺዓዎች ፎቶዎችን በብዛት ያሰራጫሉ፤ በዚያ ጎርፍ ውስጥ የሙዓላው ፎቶም በበቂዕ ስም ይዞራል።

መልስ፦ የዓረብኛ መምህር

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ ጉልላቶቹ ዕድሜ ለተነሣው ጥያቄ መልስ ልስጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽማግሌው የነገሩህ ነገር በከፊል መሠረት አለው። በሁለቱም መቃብሮች ላይ ከጥንት ጀምሮ ቁባዎች ተሠርተው ነበር፤ ነገር ግን በየትኛውም ፎቶግራፍ ላይ የምናያቸው ቁባዎች እነዚያ አይደሉም። የመጀመሪያው የሳዑድ መንግሥት ሠራዊት በ1803 መካ ሲገባ በሙዓላ ያሉትን ጉልላቶች አፈረሰ፤ መዲናም በ1806 ገደማ እጇን ስትሰጥ በበቂዕ ያሉት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰባቸው። የግብጹ ገዢ የሙሐመድ ዐሊ ሠራዊት መዲናን በ1812፣ መካን በ1813 ካስመለሰ በኋላ ስዊሱ ተጓዥ ቡርክሃርት ሁለቱንም ከተሞች ጎብኝቷል፤ በ1815 በመዲና ሳለ ያየው በቂዕ የፍርስራሽና የአፈር ክምር የበዛበት፣ ለከተማዋ ክብር የማይመጥን ስፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ በሱልጣን ማሕሙድ ዳግማዊ ዘመን ጉልላቶቹ እንደገና ተገነቡ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1853 ሙስሊም ሐጃጅ መስሎ በገባ ጊዜ ከቁባ ወደ ቁባ እየተዘዋወረ ዚያራ ያደረገው በእነዚህ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ነው፤ በየበሩ ላይ ጨርቅ ዘርግተው ምጽዋት የሚጠይቁ ሰዎች መብዛታቸውንም በምሬት ጽፏል። እንግዲህ በፎቶግራፍ ላይ ያለ ቁባ ሁሉ፣ መቃብሩ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢሆን፣ ግንቡ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦስማኒያ ሥራ ነው ማለት ነው።

የኋለኛው መፍረስ የሚታወቅ ነው። መካ በጥቅምት 1924፣ መዲና በታኅሣሥ 1925 በዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሳዑድ እጅ ገቡ። የሙዓላ ጉልላቶች መካ ከተያዘች በኋላ በ1925 ገደማ ፈረሱ፤ በመዲና ደግሞ ዋናው ቃዲ ዐብደላህ ኢብን ቡለይሂድ በመቃብር ላይ ስለሚሠራ ግንብ የከተማዋን ዑለማዎች ፈትዋ ከጠየቁ በኋላ በሸዋል 1344 ሒጅራ፣ ማለትም በሚያዝያ 1926፣ የበቂዕ ተራ ደረሰ። በመቃብር ላይ መገንባት ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር በእኛም አገር በየቁባው ዙሪያ የሚነሣ ስለሆነ ወደዚያ መግባት አልፈልግም፤ ጥያቄው የተነሣው ስለ ፎቶግራፍ ነውና። ነገር ግን ለኤግዚቢሽኑ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል፦ ዑስማን ኢብን መዝዑን (ረ.ዐ) ሲቀበሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው በራስጌያቸው ማኖራቸውና «የወንድሜን መቃብር በዚህ አውቀዋለሁ» ማለታቸው በአቡ ዳውድ ሐዲስ ተዘግቧል። ዛሬ በበቂዕ የምናየው ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

እኒህ ዑስማን ኢብን መዝዑን ለእኛ ለሐበሾች የተለየ ትርጉም አላቸው። ከሙሃጂሮች (ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱት) መካከል በበቂዕ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሰሐቦች አንዱ ነበሩ። ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ)ም እንዲሁ ሐበሻን ያወቁ ናቸው፤ መቃብራቸው በጊዜው ከበቂዕ ውጭ በነበረ የአትክልት ቦታ ስለነበር፣ በቆዩ የበቂዕ ፎቶዎች ላይ ቁባቸው ከሌሎቹ ተነጥሎ በምሥራቁ ጫፍ ለብቻው ቆሞ ይታያል። አንድ ፎቶ የበቂዕ መሆኑን ለማረጋገጥ ከሚረዱ ምልክቶች አንዱ ይኸው ብቸኛ ቁባ ነው። በነጃሺ አገር የኖሩት ኡሙ ሰለማም በበቂዕ ከተቀበሩት የነቢዩ ባለቤቶች መካከል ናቸው። ሌላዋ የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሐቢባም ከሐበሻ ስደት የመጡ ናቸው፤ ነጃሺ በነቢዩ ስም ሆነው የዳሩዋቸውና መህራቸውን የከፈሉላቸው እርሳቸው ናቸው። የጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ልጅ ዐብደላህ ደግሞ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሙዓላ ሆኖ ቢገኝም፣ በቂዕን ከኤግዚቢሽኑ እንዳታስቀር እመክርሃለሁ፤ የራሱን ትክክለኛ ፎቶ ፈልግለት።

ደግሞም ከላይ የተጠቀሰው በመስጂዱና በበቂዕ መካከል የነበረው ሰፈር የአጋዋት ሰፈር ይባል ነበር። አጋዋት የሚባሉት የነቢዩን መስጂድና ሑጅራቸውን (መቃብራቸው ያለበትን ክፍል) ሲያገለግሉ የኖሩ ጃንደረቦች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሐበሻ ተወላጆች ነበሩ። ሰፈሩ በ1980ዎቹ በተካሄደው የመስጂዱ ማስፋፊያ ፈርሷል። በምዕራቡ አቅጣጫ የተነሣ የበቂዕ ፎቶ ካገኘህ፣ ከቅጥሩ በላይ ብቅ ብለው የሚታዩት የተደራረቡ ቤቶች እነዚያ ሐበሾች የኖሩባቸው መሆናቸውን ለተመልካቹ ብትነግረው ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ልቡን የሚይዘው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የደሴው አንባቢ

ኡስታዝ፣ አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ፤ ወንድማችን የድሮ ፎቶ ወዳጅም ባረከላሁ ፊክ። ፎቶውን አስፍቼ ተመለከትኩት፤ ሚናራም ሆነ የከተማ ቅጥር የለበትም፤ ኮረብታውም ከፎቶው ጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጋ ነው። እንግዲህ የሚቀረኝ ማን አነሣው፣ መቼስ አነሣው የሚለው ነው። አንድ ጓደኛዬ «1880 ከተባለ ሳዲቅ በይ ነው፤ በዚያን ጊዜ በመካ ፎቶ ያነሣ ሌላ ሰው የለም» ብሎ ደምድሟል። ይህ ድምዳሜ ይበቃል? በአሚና መቃብር ጉዳይም አንድ ነገር ግር ብሎኛል፤ በሲራ (የነቢዩ ሕይወት ታሪክ) መጻሕፍት ላይ የተማርነው ሌላ ነውና።

መልስ፦ ነዋሪነቴ በጅዳ

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ፦ ግር መሰኘትህ ተገቢ ነው። በሲራ መጻሕፍት እንደተጻፈው አሚና ቢንት ወህብ የሞቱትና የተቀበሩት በመካና በመዲና መካከል በምትገኘው በአብዋእ ነው። ሆኖም በሙዓላ ለዘመናት በስማቸው የሚጎበኝ መቃብር ነበር፤ በላዩም ቁባ ተሠርቶለት ነበር። ስለዚህ በመግለጫህ «የአሚና መቃብር» ብለህ አትጻፍ፤ «በአሚና ስም ይጎበኝ የነበረው ቁባ» ብትል ከሲራውም ሳትጋጭ ፎቶው የሚያሳየውንም ሳትክድ ታልፋለህ።

መሬቱን በተመለከተ፣ እዚህ ያለን ሐበሾች ለዑምራ ወደ መካ ስንወጣ በሐጁን ድልድይ ላይ ብዙ ጊዜ እናልፋለን፤ ሙዓላም ከድልድዩ ላይ በግልጽ ይታያል። ኮረብታው ዛሬም እንዳለ ነው፤ ዙሪያውን ግን ፎቅ ቤትና መንገድ ስለከበበው እንደ ፎቶው ገላጣ ሆኖ አይታይም። መቃብሩ በመንገድ የተከፈለ ሲሆን፣ የኸዲጃ (ረ.ዐ) መቃብር ያለበት ክፍል በኮረብታው ሥር በአጥር ተለይቷል። ከጎን ጎን የተደረደሩ ዝቅተኛ ድንጋዮች እንጂ ምንም ግንብ የለም። ፎቶውን ዛሬ ከተነሣ አንድ ፎቶ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጠው የኮረብታው ጫፍ መስመር ራሱ ይመሰክርልሃል፤ ግንብ ይፈርሳል፣ መንገድ ይቀየሳል፣ ያ ጥርስ ጥርስ ያለው የድንጋይ መስመር ግን ያው ነው። ለተጓዦቹም የሚጠቅማቸው ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ጉልላት ፈልገው ሲያጡ «የቱ ጋ ነው?» እያሉ በአጥሩ ላይ ሲጠያየቁ እሰማለሁ።

መልስ፦ በጨለማ ክፍል ያረጀ

ፎቶ በፊልም በሚነሣበት ዘመን በማጠብና በማተም ሥራ ብዙ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ማን አነሣው በሚለው ላይ የበኩሌን ልበል። ጓደኛህ ያቀረበው ድምዳሜ አይበቃም፤ ምክንያቱም «1880» የሚለው ቁጥር ከዚያው በቂዕ ከሚለው መግለጫ የመጣ ነው። መግለጫው ቦታውን ከሳተ ዘመኑን ያለ ማስረጃ የምናምንበት ምክንያት የለም።

ሙሐመድ ሳዲቅ በይ ግብጻዊ የጦር መሐንዲስ ነበር። መዲናን በ1861 ፎቶግራፍ ያነሣ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው፤ ያኔ የተላከው በቀይ ባሕር ወደብ በአል ወጅህና በመዲና መካከል ያለውን መንገድ ለማጥናት ነበር። በ1880 ደግሞ የግብጹ መሕመል ካራቫን (በየዓመቱ ከግብጽ ወደ መካ ይላክ የነበረው የሐጅ ጓዝ) ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለሐጅ በሄደ ጊዜ መካን፣ ሚናንና ዐረፋን አነሣ፤ በ1881 በቬኒስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ጉባኤ የወርቅ ሜዳልያ የተሸለመውም በዚሁ ሥራው ነው። የሠራበት ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባላል። መስታወቱን ኮሎዲዮን በሚባል አጣባቂ ፈሳሽ ቀብተህ፣ በብር ናይትሬት ነክረህ፣ ገና እርጥብ ሳለ ካሜራው ውስጥ አስገብተህ ማንሳት፣ ከዚያም ሳይደርቅ ማጠብ አለብህ፤ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ ስላለበት የጨለማ ድንኳን ከካሜራው አጠገብ ይተከላል። በሒጃዝ ሙቀት መስታወቱ ቶሎ ይደርቃልና ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደነበር የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

ከእርሱ በኋላ ግን በመካ ካሜራ የያዙ ሌሎች ነበሩ። የኔዘርላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንዬ በ1885 የካቲት መካ ገብቶ እስከ ነሐሴ ድረስ ከተቀመጠ በኋላ እንዲወጣ ታዘዘ። ካሜራውን ይዞ ሥራውን የቀጠለው ሰይድ ዐብዱል ገፋር የተባለ የመካ ሐኪም ሲሆን፣ ያነሣቸውን ፎቶዎች ወደ ኔዘርላንድ ይልክለት ነበር። ይህ ሐኪም ካሜራ ይዘው ከሠሩት የመካ ተወላጆች ቀዳሚው በመሆኑ ታሪኩ በራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። በፎቶዎቹ ጥግ ላይ ስሙንና የመካ ሐኪም መሆኑን በዓረብኛ ይጽፍ ነበር፤ ስኑክ ፎቶዎቹን በ1888 እና በ1889 ሲያሳትም ግን ከብዙዎቹ ላይ ያ ፊርማ እንዲጠፋ ተደርጓል። ለረጅም ጊዜም ፎቶዎቹ የስኑክ ሥራ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል።

አሁን በግራ ጥግ ስላየኸው ጠቆር ያለ ጭረት እንነጋገር። በመስታወት ነጋቲቭ ላይ በቀለም የተጻፈ ፊርማ በኅትመቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያንን ጽሑፍ ለማጥፋት ነጋቲቩ ከተፋቀ፣ የተፋቀበት ቦታ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በኅትመቱ ላይ ይጠቁራል፤ በቀለም ከተደፈነ ደግሞ ነጭ ጥፍጥፍ ይሆናል። አንተ የገለጽከው ጥቁር ጭረት ከመጀመሪያው ጋር ይስማማል። ይህ ፎቶውን ወደ ሐኪሙ ዐብዱል ገፋር ያዘነብለዋል፤ ሆኖም ከመስታወት መሰንጠቅ ወይም ከእጅ ጉድለት የመጣ ጭረትም ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ አልፈርድም። ነጩ ሰማይ ምንም አይነግረንም፤ የዚያ ዘመን መስታወቶች በሙሉ፣ እርጥቡም ደረቁም፣ ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስለሚነቁ ሰማይና ደመናን አንድ ላይ ያነጡታል። ቀኝ በኩል ያለው ሰውዬ ፊቱ መደብዘዙ ግን ሌንሱ ጥቂት ሰከንድ ክፍት ሆኖ እንደቆየ ያሳያል፤ አካሉን ቀጥ አድርጎ ቆሞ ራሱን ብቻ ዞር አድርጓል።

ሌሎች የምታገላብጣቸው ምንጮችም አሉ። የዴልሂው ሚርዛ በ1907 ገደማ የሐጅ ፎቶዎችን አንሥቶ ይሸጥ ነበር። በ1901 የመሕመሉ ጠባቂ አዛዥ፣ ከዚያም በ1903፣ በ1904 እና በ1908 የግብጽ ሐጃጆች አሚር የነበረው ኢብራሂም ሪፍዐት ፓሻም ያነሣቸውን በርካታ ፎቶዎች በ1925 በመጽሐፍ አሳትሟቸዋል። ያንተ ፎቶ ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ የተወሰደ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ማስፋት ነው፦ ጥላው በመደዳ በተሰለፉ ትንንሽ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ከኅትመት ገጽ የተገለበጠ ነው፤ ጥላው ያለ ነጠብጣብ እየለሰለሰ የሚሄድ ከሆነ ከዋናው ኅትመት የተቀዳ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

መልስ፦ የድሮ ፎቶ ወዳጅ

ከወንድማችን ከጨለማ ክፍሉ ባለሙያ ጋር በአንድ ነገር ላይ እለያለሁ፤ ጭረቱ ላይ ያን ያህል ክብደት መስጠቱ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ዲጂታል ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የባለቤትነት ምልክት እየተፋቀ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያ ጥቁር ቦታ የዛሬ 15 ዓመት አንድ ሰው የድረ ገጽ ስም ያጠፋበት ሊሆን ይችላል። በ1888 እና በ1889 ከታተሙት የስኑክ ሥዕሎች ጋር እስኪነጻጸር ድረስ ሳዲቅ በይንም ዐብዱል ገፋርንም ከግምት ማውጣት አይገባም።

መልስ፦ በጨለማ ክፍል ያረጀ

ይህን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ልዩነቱ ያስታውቃል። በኮምፒውተር የጠፋ ቦታ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ውስጡም አንድ ዓይነት ጥላ ያለው ይሆናል፤ መስታወት ላይ በስለት የተፋቀ ግን ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ውስጡም ቀጫጭን መስመሮች የበዙበት ነው። ጠያቂው ጥጉን ብቻ አስፍቶ ይመልከተው።

ጥያቄ፦ የደሴው አንባቢ

ተመለከትኩት። ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው፤ ውስጡም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት። ነጠብጣብ ግን አላየሁም። እንግዲህ የአንሺውን ስም ልጻፍ ወይስ ልተው?

መልስ፦ የዓረብኛ መምህር

ስሙን አትጻፍ፤ ንጽጽሩ ሲጠናቀቅ ትጨምረዋለህ። ለአሁኑ የሚከተለው ይበቃል ብዬ አስባለሁ፦ «በመካ የሚገኘው የሙዓላ መቃብር፣ ከሐጁን ኮረብታ ሥር። በመካከል የሚታዩት በኸዲጃ (ረ.ዐ) መቃብር ላይ የነበረው ቁባና በአሚና ስም ይጎበኝ የነበረው ቁባ ናቸው። ሕንፃዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦስማኒያ መንግሥት የታደሱ ሲሆኑ፣ በ1925 እ.ኤ.አ. ገደማ ፈርሰዋል። ፎቶው የተነሣው ከዚያ በፊት ነው።»

ዓመቶቹን ስትጽፍ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አትርሳ፤ ያለዚያ 1925ን የእኛ ዓመተ ምሕረት አድርጎ የሚወስድ ተመልካች የመፍረሱን ጊዜ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወዳለው የጃንሆይ ዘመን ያመጣዋል። የሒጅራውን ዓመትም ከጎኑ ብታስቀምጥ መልካም ነው፤ 1925 ከ1343 እና ከ1344 ጋር ይገጥማል። ከሥሩም ዛሬ የተነሣውን የሐጁን ኮረብታ ፎቶ ስቀልበት፤ ከጅዳ የጻፈልህን ወንድማችንን ብትጠይቀው በሚቀጥለው ዑምራው ከድልድዩ ላይ አንሥቶ የሚልክልህ ይመስለኛል።

መልስ፦ ነዋሪነቴ በጅዳ

ኢንሻአላህ እልካለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ጥላ ስለሚወድቅበት በጠዋት አነሣዋለሁ።